ቢጫ አልቋል

በእኛ አገር አንድ ዕቃ ከተገዛ በኋላ የሚሠራው ሥራ አንድ ብቻ ነው፤ መሸፈን። ውሸት ከመሰላችሁ እስቲ ቤታችሁን ዞር ዞር ብላችሁ እዩ። ቴሌቪዥኑ ዳንቴል ለብሷል። ሶፋው ከሱቅ የመጣበት ፕላስቲክ እስከ ዛሬ አልወለቀለትም፤ በአርባ ምንጭ ሙቀት እላዩ ላይ የተቀመጠ እንግዳ ሲነሳ ሱሪው ከቆዳው ጋር ተጣብቆ ነው የሚሄደው። ሪሞቱ ላስቲክ ውስጥ ገብቷል፤ ቁጥሩ አይታይም፣ አቧራ ግን አይነካውም። ዕቃ ያገለግለናል ብለን እንገዛና እኛ እናገለግለዋለን። እንወለውለዋለን፣ እናለብሰዋለን፣ ሰው እንዳይነካው ዘብ እንቆምለታለን። አንድ ቀን ጨንቆን ሥራ ስንለው ግን ይኮራል።

ይህን የምጽፈው ተናድጄ ነው። ተረጋግተህ ጻፍ ያለኝ ሰው ነበር። ተረጋግቼ ሞከርኩ፤ ወረቀቱ ባዶ ሆነ።

እኔ ሙዝ ጫኝ ነኝ። ኩልፎ ወንዝ ዳር ካሉት እርሻዎች ሙዝ በትከሻዬ እያወጣሁ አይሱዙ ላይ እጭናለሁ። ትምህርት ስምንተኛ ላይ አቆምኩ። ለምን እንዳትሉኝ፤ ያቆመ ሰው ሁሉ ምክንያቱ አንድ ዓይነት ነው። ታዲያ ሙዝ ጫኝ ፕሪንተር ምን ያደርግለታል ትሉኝ ይሆናል። ጥያቄው ልክ ነው፤ እናቴም ጠይቃኛለች። መልሱ ጉርድ ፎቶ ነው። በዚህ ከተማ ያለ ጉርድ ፎቶ የሚሆን ነገር የለም። መታወቂያ ለማሳደስ ሁለት ጉርድ ፎቶ። የጫኞች ማኅበር አባል ለመሆን ሦስት ጉርድ ፎቶ። እኔ በበኩሌ ፊቴን ለስንት ቢሮ እንዳደልኩ አላውቅም። ፊቴን ተቀብሎ ዓይኔን ያየ አንድም ጸሐፊ የለም። አንድ ቀን ፎቶ ቤት በር ላይ ግማሽ ቀን ተገትሬ፣ ተራዬ ሲደርስ "ነገ ና" ስባል፣ እንግዲህ ፊቴን ራሴ አትማለሁ አልኩ። ዕቁብ ሲደርሰኝ ቀጥ ብዬ ሱቆቹ ወዳሉበት ወደ ታችኛው ሰፈር፣ ወደ ሲቀላ ወረድኩ።

ሻጩ ጸጉሩን በቅባት ያስተኛ ወጣት ነው።

"ምን ዓይነት ነው የምትፈልገው፣ ብራዘር?"

"ፎቶ የሚያወጣ። ኮምፒውተር የለኝም።"

"እነዚህ ሦስቱ የስልክህን ሚሞሪ ካርድ ብትሰካባቸው ራሳቸው ያወጣሉ።"

ሦስቱንም አየኋቸው። ሦስቱም ጥቁር፣ ሰማያዊ፣ ቀይና ቢጫ ቀለም ወረቀት ላይ እየረጩ ነው ፎቶ የሚያወጡት። እዚህ ላይ ብልህ ሰው ይጠይቃል። ቀለሙ ሲያልቅ ከየት ይገኛል ይላል። ብዙ ጊዜ ሳይሠራ ቢቀመጥ አይደርቅም ወይ ይላል። እኔ ምን አደረግኩ? አነሳኋቸው። አንድ በአንድ፣ በሁለት እጄ፣ ከፍ ዝቅ አደረግኳቸው።

"ምን እያደረግክ ነው?" አለኝ ሻጩ።

"እየመዘንኩ።"

"በግ መሰለህ እንዴ?"

ሳቁ እሺ። ግን እኛ ጫኞች ዕቃ የምናውቀው በትከሻችን ነው። ከባድ የሙዝ ዘለላ ጥሩ ዘለላ ነው። የቀለለ ከረጢት መንገድ ላይ ከውስጡ የተሰረቀ ከረጢት ነው። ሚዛን ቢዋሽ ወገብ አይዋሽም። ከእኛ ማኅበር ማንንም ብትልኩ እንደ እኔ ነበር የሚመርጠው። በጣም የከበደውን መረጥኩ። የሻጩ ዓይን በራ። "አንተ ዕቃ ታውቃለህ!" አለኝ። ዕቃው ፈላጊ አጥቶ መደርደሪያው ላይ እንደከረመ የሰማሁት በኋላ ነው።

"ቀለሙስ?" አልኩት፣ ልወጣ ስል።

"እስኪያልቅ ድረስ አያልቅም።"

እኔም ገባኝ ብዬ ራሴን ነቀነቅኩ። ዛሬ የምናደደው በመልሱ አይደለም፤ በነቀነቅኩት ራስ ነው።

እውነት ለመናገር የመጀመሪያው ሳምንት ሠርግ ነበር። እማዬን በር ላይ አቁሜ በስልኬ አነሳኋትና ካርዱን ሰካሁ። ዕቃው ቅርር፣ ጢዝዝ አለና እናቴን ከግንባሯ ጀምሮ ቀስ እያለ ተፋት። እማዬ እጇን አፏ ላይ ጫነች። "ጌታ ይባረክ! ራሴ ነኝ!" አለች። ለጎረቤት፣ ለጸሎት ቤቱ መዘምራን፣ ለጫኝ ጓደኞቼ አወጣሁ። በሰፈሩ ስሜ ተቀየረ፤ ታምራት መባሉ ቀርቶ "ባለ ፕሪንተሩ" ተባልኩ። ከዚያ እማዬ ዳንቴል ሠራችለት።

የሠራችውን ዳንቴል ብታዩት ደግሞ! ነጭ፣ ጫፉ ላይ አበባ ያለው፣ ለሙሽራ የሚሆን። ከዚያን ቀን ጀምሮ ዕቃውን መንካት ወንጀል ሆነ። ጓደኞቼ ፎቶ ፈልገው ሲመጡ እናቴ በር ላይ ትቀበላቸዋለች። "አቧራ ይገባዋል፣ ቀለሙ ይለቅ እንዴ?" ትላለች። እኔም እውነት መሰለኝ። የማይሠራ ዕቃ አይበላሽም ብለን ነዋ የምናምነው! አካፋም፣ ጋሪም፣ ሰውም ሥራ ሲበዛበት ነው የሚያረጀው። ሳይሠራ የሚሞት ዕቃ መኖሩን ማን ነገረን?

ሁለት ወር ያህል ተኛ። በዚህ መሃል አጎቴ ኦርካይዶ ከደጋው፣ ከካምባ መጣ።

ኦርካይዶ የእማዬ ታላቅ ወንድም ነው። ደረቱን አሞት ሊታከም ነበር የመጣው፤ ግን በሽተኛ ነው ብትሉት ይጣላችኋል። ሕክምናውን ሲጨርስ "እዚህ ድረስ መጥቼ ዓሣ ሳልበላ ብመለስ ምን ይሉኛል?" አለኝና ጫሞ ሐይቅ ዳር ወሰድኩት። ጀልባዎቹ ከሚጠጉበት ቦታ ደርሰን በላን። ሲጨርስ ተነስቶ ወደ አንድ ዓሣ አጥማጅ ሄደና የሰውየውን ትልቁን ዓሣ ተዋሰ። አዎ፣ ተዋሰ! በሁለት እጁ ደረቱ ላይ ታቅፎት፣ ጀልባውን ከኋላው አድርጎ፣ "አንሳኝ" አለኝ። ዕድሜውን ሙሉ ደጋ ላይ ገብስ ሲያርስ የኖረ ሰው፣ ውሃ ውስጥ ከቁርጭምጭሚቱ በላይ ገብቶ የማያውቅ ሰው፣ ፊቱን የአጥማጅ ፊት አደረገው።

"ካምባ ሄጄ እኔ ነኝ ያጠመድኩት እላለሁ" አለኝ። "ፎቶ ካለ ማን ይከራከረኛል?"

ያን ዕለት ቤት ገብተን ዳንቴሉን ገለጥኩ። ካርዱን ሰካሁ። ዕቃው አቃሰተ። ከዚያ የወጣውን ነገር ብታዩ አጎቴ አልነበረም፤ ከነጭ ሳር ፓርክ አምልጦ ዓሣ የታቀፈ የሜዳ አህያ ነበር። ከላይ እስከ ታች መስመር በመስመር። ቀለሙ በሙቀቱ ደርቆ የሚረጭበትን ቀዳዳ ደፍኖታል። ራስህን አጽዳ የሚል ቁልፍ አለው፣ ተጫንኩት። ሲያጸዳ የሚታጠበው በራሱ ቀለም መሆኑን የነገረኝ የለም። ታጠበ፣ ታጠበ፣ መስመሩ ጠፋ። እሰይ ብዬ ወረቀት ሳስገባ፣ ትንሿ መስኮት ላይ ቀይ መብራት በራና የቢጫው ሥዕል ባዶ ሆኖ ታየ። ቢጫ አልቋል። ሌሎቹ ሦስቱ አሉ፤ ግን ቢጫ ካለቀ ጥቁርም አላትምም አለ።

ይሄ ምን ዓይነት ጠባይ ነው? ከአራት ጫኝ አንዱ ቢታመም መኪናው ይቆማል እንዴ? ሦስታችን አጉረምርመን እንጭነዋለን እንጂ! ሲቀላን ከዳር እስከ ዳር ዞርኩ። ጸጉሩን ያስተኛው ልጅ "ለዚህኛው ሞዴል ከአዲስ አበባ ነው የሚመጣው" አለኝ። መሳቅ አማረኝ። ሙዝ እኔ የምጭነው አረንጓዴውን ነው፤ ቢጫ የሚሆነው አዲስ አበባ ገብቶ ነው። ቢጫ ነገር ሁሉ እዚያ ነው ያለው ማለት ነው።

አጎቴ ባዶ እጁን ወደ ካምባ ተመለሰ። ከዚያ ስልክ ጀመረ።

"ዓሣዬስ?" ይለኛል፣ ጤና ይስጥልኝ እንኳ ሳይል።

"ቢጫ አልቋል፣ አጎቴ።"

በሌላ ሳምንት ደግሞ፣ "ዓሣዬ ወጣ?"

"ቢጫው ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ነው።"

ሦስተኛ ጊዜ ሲደውል እያሳለው ነበር። እንደዚያው መለስኩለት። በጋሞኛ ሳቀብኝ፤ ሳቅ በየትኛው ቋንቋ እንደሆነ የሚታወቅ ከሆነ። "አንተ ልጅ፣ እኔ ጥቁር ሰው ነኝ" አለኝ። "ቢጫ ምን ያደርግልኛል?"

ፎቶ ቤት ወስጄ ማሳተም እችል ነበር። እችል ነበር እኮ! ግን ባለ ፕሪንተሩ ፎቶ ቤት ሄዶ ሲሰለፍ ሰው ቢያየውስ? ይቺን ነገር ለማንም አልተናገርኳትም፤ ለእናንተ የነገርኳችሁ ስለማታውቁኝ ነው።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ኦርካይዶ መሞቱን ሰማን።

የእኛን አገር ለቅሶ ለማያውቅ ልንገር። ካምባ ውስጥ ለአዛውንት ሲለቀስ ሰው ሜዳ ይወጣል። ድሮ ጦር ይዘው እየሮጡ፣ እየፎከሩ ነበር። አሁን ብዙው ሰው ጌታን ተቀብሏል፣ ጸሎት ቤቶቹም ፉከራውን አይወዱትም፤ ስለዚህ መዝሙር ሆኗል። ጦሩ ቀረና በቦታው ፎቶ ገባ። የሟቹን ፎቶ ትልቅ አድርጎ፣ ከፍ አድርጎ፣ እህት ትይዘዋለች፤ ሜዳውን እየዞረች ታሳየዋለች። ፎቶ የሌለው ለቅሶ ሰው የሌለው ለቅሶ ነው። ሰውየው በሕይወቱ አንድ ቀን "እስቲ ላንሳህ" ያለው አይኑር፤ ሲሞት ግን ሰፊ ወረቀት ላይ መውጣት አለበት።

እማዬ መርዶውን እንደሰማች እያለቀሰች ለካምባ ዘመዶች በስልክ ምን አለቻቸው? "ለፎቶው አታስቡ፣ ልጄ ፕሪንተር አለው።"

ከዚያ ዓሣ ከታቀፈበት ሌላ የኦርካይዶ ፎቶ በምድር ላይ የለም። ሩጬ ፎቶ ቤት ሄድኩ፤ ዝግ ነው። ሁለተኛው ዘንድ ሄድኩ፤ ዝግ ነው። ቅዳሜ ነዋ! ፎቶ አንሺ ሁሉ ሠርግ ላይ ነው። እኛ ደግሞ እሁድ ጎህ ሲቀድ በፒክአፕ መውጣት አለብን። ቤት ስመለስ እማዬ ዳንቴሉን ራሷ አንስታ፣ አጣጥፋ፣ ከዕቃው ፊት ቆማለች። ምን አለ ብትጮህብኝ!

ጋሽ አስራትን ጠራኋቸው። ጋሽ አስራት ከጎንደር መጥተው እዚሁ ያረጁ ጡረተኛ አስተማሪ ናቸው፤ አጥራችን አንድ ነው። ሰባተኛ ክፍል እያለሁ እንግሊዝኛ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። አስተማሩኝ ማለት እሳቸው ተናገሩ፣ እኔ በመስኮት አየሁ ማለት ነው። መነጽራቸውን አድርገው ዕቃውን ዞሩት።

"መጽሐፉ የታለ?" አሉኝ።

"የምን መጽሐፍ?"

"ከዕቃው ጋር የመጣው፣ አንተ ሰው! መመሪያው!"

እማዬ ከፍራሹ ሥር አመጣችው። ላስቲኩ እንኳ አልተቀደደም። እሱንም ሸፍነነዋል። ጋሽ አስራት ቀደዱት፣ እንግሊዝኛውን በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡ፣ አንድ ገጽ ላይ ቆሙ። ቀና ብለው አዩኝ።

"ታምራት፣ ያን ቁልፍ አምስት ሰከንድ ተጭነህ ያዝ።"

ያዝኩ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት። ቀይዋ መብራት ጠፋች።

"ቢጫ ቢያልቅም በቀረው አትም ማለት ነው" አሉ ጋሽ አስራት። "እዚህ ተጽፏል።"

አምስት ሰከንድ! ሳምንታት ሙሉ ቢጫ አልቋል እያልኩ ሳዝን፣ ሲቀላን ስዞር፣ የሚያስለውን ሰው ሦስት ጊዜ ስመልስ፣ መድኃኒቱ እናቴ የምትተኛበት ፍራሽ ሥር ነበር። በማን ልናደድ? ዕቃውን ሠርተው በእንግሊዝኛ ብቻ በጻፉት? "እስኪያልቅ አያልቅም" ባለኝ? ዳንቴሉን በሠራች እናቴ? ወይስ በመስኮት ሲያይ በነበረው ተማሪ? በሁሉም ተናደድኩ። ሲበቃኝ ወረቀት አስገባሁ።

ወጣ። ቢጫ የሌለበት ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? ኦርካይዶ ወይን ጠጅ ሆኖ ወጣ። ፊቱ ወይን ጠጅ፣ ሰማዩ ሰማያዊ፣ ዓሣው ቀይ ሥር የመሰለ። ጋሽ አስራት ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ቅርጹ እሱ ነው" አሉ። እማዬ ፎቶውን ተቀበለችኝ፣ ብዙ አየችው፣ "ወንድሜ እንዲህ አልነበረም" አለች፣ ከዚያ ነጠላዋ ውስጥ አስገባችው። ቃሏን ለዘመድ ሰጥታለች፤ ምን ታድርግ?

ካምባ ስንደርስ ሜዳው ሰው ሞልቶታል። እማዬ ፎቶውን በሁለት እጇ ከፍ አድርጋ ገባች። ሰዉ እያየ አለቀሰ። ስለ ቀለሙ አንድ ሰው ትንፍሽ አላለም። እንዲያውም ደህና ነገር ሆነ ማለት ጀምሬ ነበር፤ ያኔ ካፊያ መጣ። የደጋ ካፊያ ታውቁታላችሁ፣ ዝናብ ነኝ አይልም፣ ግን ያርሳል። የዚህ ዕቃ ቀለም ውሃ ነው፤ ውሃ ሲያገኝ ወደ ዘመዱ ይሄዳል። ከግንባሩ ጀመረ። ወይን ጠጁ በጉንጩ ወረደ፣ አገጩ ላይ ተንጠለጠለ፣ የእናቴ ክንድ ላይ ፈሰሰ፣ ነጠላዋ ላይ ገባ። የእማዬ ጣቶች የታችኛውን ግማሽ ይዘውት ስለነበር እሱ ተረፈ። ፊቱ ሄደ፤ ዓሣው ቀረ።

እናቴ አላወረደችውም። ፊት የሌለውን ወረቀት እንደያዘች ሜዳውን ዞረች። ሰዉ ደግሞ ምንም እንዳልሆነ ሁሉ በደንብ አለቀሰላት። አንድ ሰው ስቆብኝ ቢሆን ኖሮ ተደባድቤ ይወጣልኝ ነበር። ማንም አልሳቀም። እንዲህ ያለ ጨዋ ሕዝብ መሃል ተናዶ መቆም እንዴት እንደሚከብድ አትጠይቁኝ።

እንሰቱ ሥር ሄጄ ተጠለልኩ። አንድ ሽማግሌ በከዘራቸው ጎኔን ነካ አደረጉኝ። የአጎቴ እኩያ ናቸው፤ አባባ ካንኮ ይባላሉ።

"ያንን ፎቶ ያወጣኸው አንተ ነህ?"

"አዎ፣ አባባ" አልኩ። ልሰደብ ተዘጋጀሁ።

"እኔን አሁን አንሳኝ።"

"አባባ፣ ለቅሶ ላይ እኮ ነን!"

"እኔስ መቼ ሠርግ ላይ ነኝ አልኩህ? ነገ ለእኔ ሲወጡ ዓሣ ሊይዙ ነው? አንሳኝ! ዝናብ የማይበላው ይሁን ደግሞ። የምትሰጠውም ለሌላ ሰው አይደለም፤ እኔው ነኝ የማየው።"

አነሳኋቸው። ከኋላቸው ሌላ ሽማግሌ፣ ከሳቸው ኋላ አንዲት አሮጊት፣ ከዚያ ሌላም። ካፊያው ውስጥ፣ እንሰት ሥር፣ ተራ ይዘው ቆሙ። ለቅሶውና ሰልፉ ጎን ለጎን ሄደ።

ሰኞ ከጭነት በኋላ ፎቶ ቤት ሄድኩ። ባለ ፕሪንተሩ በአደባባይ ተሰለፈ። "ምነው፣ የአንተኛው ታመመ?" አለኝ አንዱ ከኋላዬ። "አዎ፣ ታመመ" አልኩት፣ ዘወር ሳልል። ሁሉንም አሳተምኩ፣ ላስቲክ አስለበስኳቸው፣ የሚቀጥለው እሁድ ራሴ ይዤ ካምባ ወጣሁ። በሰው እጅ መላክ ፈራሁ።

አባባ ካንኮ ደጃቸው ላይ ተቀምጠው ነበር። ፎቶውን ተቀበሉ፣ አራቁት፣ አቀረቡት፣ ገለበጡት፣ እንደገና አዩት።

"ይሄ ማነው?"

"እርስዎ ነዎት።"

"ይሄ ሽማግሌ? ሂድ ወዲያ! ጆሮዬን ምን አደረግከው? አጎትህን ወይን ጠጅ አደረግክ፣ እኔን ደግሞ አስረጀህ። ሥራ ነው ይሄ?"

ደሜ ፈላ። ከአርባ ምንጭ እዚህ ድረስ ፒክአፕ ላይ ስንገጫገጭ ነው የመጣሁት፣ ትከሻዬ ከሳምንት ጭነት አላገገመም፣ ምስጋና ቀርቶ ዝም እንኳ አይሉም። አፌን ልከፍት ስል ግን አንድ ነገር ያዘኝ። ኦርካይዶ ሞቷልና ስለ ወጣው ፎቶ አንዲት ቃል አላለኝም። ወይን ጠጅ ሲሆን ዝም፣ ፊቱ በዝናብ ሲሄድ ዝም። ለካ እስካሁን ያናደደኝ እሱ ነው፤ የሚሰድበኝ ሰው ማጣት። እኚህ ሰውዬ ደግሞ ፎቶአቸውን እያራገፉ ይጮኹብኛል። ጩኸታቸው እስከ ማዶ ይሰማል።

"ሌላ አንሳኝ!" አሉኝ።

ስልኬን አወጣሁ። "እሺ፣ ቀና ይበሉ።"

"አንተ ቀና በል! ጎብጠህ እያነሳህ እኔን ታጎብጠኛለህ?"

ቀና አልኩ። አነሳኋቸው።